ዓመታት የቆመችን ጎልፍ ጂቲአይ በራስ ጋራዥ ማደስ

መኪናዋን ያገኘኋት ከፍራንክፈርት ወጣ ብሎ ባለ አንድ የእርሻ መጋዘን ውስጥ ነው። የ1988 ፎልክስቫገን ጎልፍ 2 ጂቲአይ ናት። 11 ዓመት ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ቀዩ ቀለም ሮዝ ሆኗል። አራቱም ጎማ ተኝቷል። የኋላ ወንበር ውስጥ አይጥ ጎጆ ሠርታለች። ሻጩ ሽማግሌ ቁልፉን ሲሰጡኝ «ባትሪ ብቻ ስጣት፣ ወዲያው ትነሳለች» አሉኝ።

ቁልፉን ኪሴ ከተትኩት። ያዞርኩት ከአምስት ወር በኋላ ነው።

ቀድሞ ስለተቃጠልኩ ነው እንዲህ ያደረግኩት። ከእሷ በፊት ባለ 16 ቫልቭ ጎልፍ ነበረችኝ። እሷም ዓመታት የቆመች ነበረች። በገዛኋት ቀን ባትሪ አስሬ ቀሰቀስኳት። ሁለት ደቂቃ ያህል ደስ የሚል ድምፅ ሰጠች። ከዚያ የደረቀው የታይሚንግ ቺንጊያ ተበጠሰና ቫልቮቹ ከፒስቶኖቹ ጋር ተጋጭተው ተጣመሙ። ቴስታታውን፣ ማለትም የሞተሩን የላይኛውን ክፍል፣ አውርዶ ለማሠራት ያወጣሁት ገንዘብ መኪናዋን ከገዛሁበት አይተናነስም።

ስለዚህ እዚህ የምነግራችሁ ከሁሉም በላይ ቅደም ተከተሉን ነው። መጀመሪያ ዝገት፣ ቀጥሎ ቤንዚንና ፍሬን፣ ከዚያ ሞተር፣ መጨረሻ ቀለም። ብዙ ሰው ከሞተሩ ወይም ከቀለሙ ይጀምራል። ሞተሩ ሲነሳ ደስ ይለዋል፣ መንዳት ያምረዋል፣ የበሰበሰውን ላሜራ «በኋላ» ይላል። ያ «በኋላ» ግን አይመጣም።

ለምን ይህቺን መኪና? የመጀመሪያዋ ጎልፍ ጂቲአይ ለሕዝብ የታየችው በ1975 እዚሁ ፍራንክፈርት የመኪና ትርኢት ላይ ነው። በዓመቱ ገበያ ወጣች። ፋብሪካው 5,000 ያህል ብቻ ለመሸጥ ነበር ያሰበው፤ የመጀመሪያው ትውልድ ብቻ ከ460,000 በላይ ተሠራ። 110 የፈረስ ጉልበት፣ ከአንድ ቶን በታች ክብደት፣ ደግሞም ዕቃና ቤተሰብ የሚይዝ የኋላ በር። ሁለተኛዋ በ1984 ስትመጣ ሰፋ አለች። የእኔ ባለ 8 ቫልቭ 1.8 ሊትር ናት፣ የጭስ ማጽጃ ካታሊስት ያላት፣ 107 የፈረስ ጉልበት። ባለ 16 ቫልቯ ካታሊስት ከሌላት 139 አላት። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር ሰው ባለ 8 ቫልቯን እመክራለሁ። ቀላል ናት፣ ስህተትን ትታገሳለች፣ ዕቃዋም እስከ ዛሬ በብዛት ይገኛል።

ከመግዛት በፊት፦ ካቻቢቴና መብራት ይዛችሁ ሂዱ

አዲስ አበባ ያሉት አጎቴ ዕድሜያቸውን በሙሉ ባቲላሜራ የሠሩ ሰው ናቸው። ፎቶዎቹን ልኬላቸው ስንደዋወል ስለ ሞተሩ አልጠየቁኝም።

«ላሜራውን አንኳኩተኸዋል?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ከላይ ሲታይ ደህና ነው።»

«ከላይማ ሁሉም ደህና ነው። ከሥር ግባና በካቻቢቴው እጀታ አንኳኳው። ጤነኛ ላሜራ ይጮሃል። የበሰበሰ ድምፁ ይታፈናል።»

ከዚህ የተሻለ ምክር እስካሁን አልሰማሁም። ጎልፍ 2 ላይ በተለይ የምታንኳኩት እነዚህን ነው፦ ከበሩ ሥር የሚሄደው ደፍ ሁለቱ ጫፎች፣ ክሪክ የሚገባባቸው ቦታዎች፣ ፕላስቲክ የለበሰው የጎማ ቅስት ከውስጥ፣ የቤንዚን መሙያው ዙሪያ፣ ከባትሪው ሥር ያለው ላሜራ፣ የፊት አሞርዛተር ላይኛው መቀመጫ፣ የኋላ አክስል የሚታሰርባቸው ቦታዎች። ከፊት መስታወቱ ሥር ያለውን የውኃ መውረጃም ክፈቱ። ቅጠል ሞልቶት ከሆነ ውኃው ወደ ውስጥ ነው የሄደው።

ምንጣፉንም በእጃችሁ ዳስሱ። ርጥብ ከሆነ አሽትቱት። ጣፋጭ ሽታ ካለውና እጅ ላይ የሚጣበቅ ከሆነ የማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ያፈሳል። ተራ ውኃ ከሆነ ከመስታወቱ ሥር ወይም ከበሩ ውስጥ የገባ ነው።

ሞተር ይገዛል። ማርሽ ሳጥንም ይገዛል። ተሸካሚ ላሜራው ካለቀ ግን ሌላ መኪና ፈልጉ። አሳዛኝ ቢሆንም ከጊዜ በኋላ የምታመሰግኑበት ውሳኔ ነው። ጀርመን ውስጥ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ብሪፍ የሚባለው የመኪናዋ የመዝገብ ሰነድ መኖሩን ሳታዩ ገንዘብ አትስጡ።

ቦታና መሣሪያ

አንድ መኪና የሚያስገባ የኪራይ ጋራዥ ይበቃል። ሊፍት የሚያስፈልገውን ሥራ መኪና ማንሻ በሰዓት በሚያከራዩ ወርክሾፖች ሠራሁ፤ እዚህ ሚትቬርክሽታት ይሏቸዋል። ከመሣሪያ የግድ የሚሉት ጥሩ ክሪክ፣ መኪናዋ የምታርፍባቸው አራት ጠንካራ ካባሌቶ፣ የመፍቻና የቡሾላ ስብስብ፣ የቶርክ መፍቻ፣ መልቲሜትርና የእሳት ማጥፊያ ናቸው። መኪናን ክሪክ ብቻ ይዟት ከሥሯ አትግቡ። አንድ ጊዜም ቢሆን፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን።

የምትፈቱትን ሁሉ ከመፍታታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። ቡሎኖቹን በትንሽ ፌስታል አድርጋችሁ የየት እንደሆኑ ጻፉባቸው። «አስታውሳለሁ» ትላላችሁ፤ ከሦስት ወር በኋላ ግን አታስታውሱም።

ደረጃ 1፦ ዝገቱን ማውጣት

ወንበሩን፣ ምንጣፉንና የጎማ ቅስት ፕላስቲኩን አውጡ። ከሥር ያለውን አሮጌ ጥቁር ሽፋን ፋቁ። እዚህ ላይ አትሳሱ። ሽፋኑ ሙሉ መስሎ ከሥሩ ላሜራው እንደ ብስኩት የሚፈረፈርበት ጊዜ ብዙ ነው። የእኔ መኪና የግራ ደፍ ከውጭ ምንም አልነበረበትም። በካቻቢቴ ስነካው እስከ እጀታው ገባ።

ላይ ላዩን ብቻ የዛገውን በሽቦ ብሩሽ አጽድታችሁ የዝገት መለወጫ ቀቡት፣ ከዚያ ፀረ-ዝገት ቀለም። የተበሳውን ግን ቆርጣችሁ አውጡ። ቁረጡ ስል ደማቅ ጤነኛ ብረት እስክታገኙ ድረስ ማለቴ ነው። ዝገት ላይ የተበየደ ላሜራ በሁለት ዓመት ውስጥ ዙሪያውን ይበላል። በቀዳዳ ላይ ስቱኮ መሙላት ደግሞ ጥገና አይደለም፤ የሚቀጥለውን ገዢ ማታለል ነው።

መበየድ የማትችሉ ከሆነ ቆራርጣችሁና አጽድታችሁ ለባለሙያ ስጡት። ዋጋው በግማሽ ይቀንሳል፣ ምክንያቱም ሰዓት የሚበላው ማዘጋጀቱ ነው። ራሳችሁ የምትበይዱ ከሆነ ጥቂት ነገሮች አሉ። ባትሪውን ፍቱ፣ የዲናሞውንና የሞተር ኮምፒውተሩን ሶኬት ንቀሉ። የቤንዚን ታንኩን አውርዳችሁ ከጋራዡ አውጡት። ከላሜራው ጀርባ ያለውን የድምፅ መከላከያ ፋቁ፣ እሳት የሚይዘው እሱ ነው። ከዚያ በነጥብ በነጥብ ሂዱ። እዚህ አንድ፣ 10 ሳንቲሜትር ርቃችሁ ሌላ አንድ፣ ተመልሳችሁ መሀል ላይ። በአንድ ጊዜ ረጅም መስመር ከጎተታችሁ ቀጭኑ ላሜራ በሙቀት ይጠማዘዛል።

ብየዳውን በሽፋን ከመደበቃችሁ በፊት ፎቶ አንሱት። በኋላ መኪናዋን የሚመረምረው ባለሙያ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ከዚያ ብየዳውን በቀለም አሽጉት፤ ከውስጥ ባዶ ወደሆኑት ክፍሎች በሙሉ በቀጭን ቱቦ ሰም እርጩ። ይህ ሰም ከሁሉ የረከሰው ሥራ ነው። ላሜራውን ለሚቀጥሉት ዓመታት የሚያቆየውም እሱ ነው።

ደረጃ 2፦ አሮጌው ቤንዚንና የመሙያው ቱቦ

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው ይባላል። ጎልፍ 2 ላይ እውነት ነው። የቤንዚን መሙያው በቀኝ የኋላ ጎማ ቅስት ውስጥ የሚያልፍ የብረት ቱቦ አለው። ጎማው የሚረጨው ውኃና ጨው እዚያው ይከማቻል። ቱቦው ቀስ እያለ ከውጭ ወደ ውስጥ ይበሳል። የዝገቱ ብናኝ ወደ ታንኩ ይወርድና የፓምፑን ወንፊት ይደፍናል። ሰው ፓምፕ ይቀይራል፣ ከወር በኋላ ደግሞ ያው ይሆናል። ጥፋቱ የቱቦው ነበር።

የእኔን ሳወጣው ከላስቲኩ መያዣ ሥር ጣቴ አለፈ። ታንኩን ገልብጬ ሳራግፈው ቡና የመሰለ ውኃና የቀይ ዱቄት ዝቃጭ ወጣ። 11 ዓመት የቆየ ቤንዚን እንደ ቤንዚን አይሸትም። የቫርኒሽ ሽታ አለው፣ አፍንጫን ይከነክናል። ያ ነገር ሞተር ውስጥ ቢገባ ኢንጄክተሮቹን ያጣብቃቸዋል።

ሥራው እንዲህ ነው። አሮጌውን ቤንዚን አውጡና ለከተማው አደገኛ ቆሻሻ መቀበያ አስረክቡ። ታንኩን አውርዳችሁ እጠቡት፣ በደንብ አድርቁት። የመሙያ ቱቦውን በአዲስ ቀይሩ። ይህች መኪና ሁለት ፓምፕ ነው ያላት፦ ትንሹ ታንኩ ውስጥ፣ ዋናው ከመኪናዋ ሥር ከቀኝ የኋላ ጎማ ፊት ለፊት። ሁለቱንም ፈትሹ። ፊልትሮውንና የላስቲክ ማኒኮቶዎቹን ሁሉ ቀይሩ። ላስቲኩን ስታጥፉት ከተሰነጠቀ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም።

ደረጃ 3፦ ፍሬን

ጂቲአይ አራቱም ጎማ ላይ ዲስክ አላት። ለዓመታት ስትቆም በመጀመሪያ የሚጣበቁት የኋላዎቹ ናቸው። ፒስቶኑ ይዝጋል፣ የእጅ ፍሬኑ ሽቦ ይያዛል። እኔ የኋላዎቹን ሁለቱንም በታደሱ ቀየርኩ፤ የፊቶቹን ከፍቼ ላስቲካቸውን አደስኩ። ዲስክና ሸራ ሁሉም አዲስ። እዚህ ቁጠባ የለም።

የኋላውን ፒስቶን ለመመለስ በጉልበት አትግፉት። እየተሽከረከረ ነው የሚገባው፣ ለእሱ የተሠራ ቀላል መሣሪያ አለ። በጉልበት የገፋችሁት ከሆነ የእጅ ፍሬኑን አሠራር ከውስጥ ትሰብሩታላችሁ።

የብረት ቱቦዎቹን ከፊት እስከ ኋላ በጨርቅ እየጠረጋችሁ እዩ። ከኋላ አክስል አካባቢ የዛገ ካለ ቀይሩት። የላስቲክ ማኒኮቶዎቹ ከውጭ ደህና ሆነው ከውስጥ ሊያብጡ ይችላሉ። ስለዚህ አሮጌ ከሆኑ ሳትጠይቁ ቀይሯቸው።

አየር ስታስወጡ በቅደም ተከተል ሂዱ፦ ቀኝ ኋላ፣ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ ግራ ፊት። ዘይቱ ዶት 4 ነው። የኋላዎቹን ስትሠሩ ከአክስሉ አጠገብ ያለውን የግፊት ማመጣጠኛ ክንድ ወደ አክስሉ ገፋ አድርጎ የሚይዝ ሰው ቢኖር ጥሩ ነው፣ አለዚያ ዘይቱ በደንብ አያልፍም። አንድ ነገር ደግሞ አስተውሉ። ፔዳሉን የሚረግጠው ሰው እስከ ወለሉ ድረስ እንዳይረግጥ ከሥሩ እንጨት አድርጉ። አሮጌ ማስተር ሲሊንደር ውስጥ ለዓመታት ያልተነካው ክፍል ሸካራ ነው። ላስቲኩ እዚያ ሲደርስ ይቀደዳል። ደህና የነበረ ማስተር በዚህ መንገድ ሲበላሽ አይቻለሁ።

ደረጃ 4፦ ሞተሩን መቀስቀስ

አሁን ወደ ቁልፉ እየተጠጋን ነው፣ ግን ገና ነው።

ካንዴላዎቹን ፍቱ። በየሲሊንደሩ የሾርባ ማንኪያ የማይሞላ ንጹሕ ዘይት ጨምሩና አንድ ሁለት ቀን ተዉት። ከዚያ በ19 ቁጥር መፍቻ ከክራንኩ ቡሎን ይዛችሁ በሰዓት አቅጣጫ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ቀስ ብሎ የሚለቅ ከሆነ ጥሩ። ድንጋይ ከሆነባችሁ አትታገሉ፣ ዘይት ጨምራችሁ ጠብቁ። ጉልበት የፒስቶን ፋሻ ይሰብራል።

ቀጥሎ የታይሚንግ ቺንጊያ፣ መወጠሪያውና የውኃ ፓምፑ። ቺንጊያው ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ የሄደ ቢሆንም ቀይሩት፤ ላስቲክን የሚያረጀው ዕድሜም ነው። ምልክቶቹን ሳታገጣጥሙ አሮጌውን አታውጡ። የካም ጥርሱ ምልክት ከቫልቭ ክዳኑ ጠርዝ ጋር ትክክል ይሁን። ማርሽ ሳጥኑ ላይ ባለው ቀዳዳ በኩል የፍላይዊሉ ዜሮ ምልክት ይታይ። የዲስትሪቢውተሩ መዘውር ደግሞ ጠርዙ ላይ ወዳለችው ትንሽ ጭረት ይጠቁም። ሦስቱ ሲገጥሙ አዲሱን አስገቡ። ውጥረቱን የምትለኩት በእጃችሁ ነው፦ በካሙና በመካከለኛው ዘንግ መሀል ቺንጊያውን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዛችሁ ስታዞሩት ልክ 90 ዲግሪ ድረስ ይሂድ። ከዚያ ካለፈ ላልቷል፣ ካልደረሰ ከሯል። የመወጠሪያውን ዳዶ በ45 ኒውተን ሜትር እሰሩ። ሞተሩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙራችሁ ምልክቶቹን እንደገና እዩ።

ዘይትና ፊልትሮ ቀይሩ። የድሮውን ማቀዝቀዣ አውጥታችሁ ሲስተሙን እጠቡ፣ አንቲፍሪዝና ንጹሕ ውኃ እኩል ቀላቅላችሁ ሙሉ።

ካንዴላዎቹ ገና እንደተፈቱ፣ የቤንዚን ፓምፑን ሪሌ ነቅላችሁና ለካንዴላ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ አቋርጣችሁ፣ በሞተሪኖው አዙሩ። በአጭር በአጭሩ፣ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ። ዘይቱ ወደ ላይ መውጣቱን ያወቃችሁት አሁን ነው። በዚያው ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረውን ግፊት፣ ለኩ፣ ጋዙን እስከ መጨረሻው ረግጣችሁ። ለዚህ ሞተር ጤነኛ የሚባለው ከ10 እስከ 13 ባር ነው። ከ7.5 በታች ከወረደ ወይም በሲሊንደሮቹ መሀል ከ3 ባር በላይ ልዩነት ካለ ቴስታታው መከፈት አለበት። የእኔ ሁሉም ከ10 በላይ ሰጡ። ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አዲስ ካንዴላ፣ 10 ሊትር ትኩስ ቤንዚን፣ የተሞላ ባትሪ። አሁን ቁልፉን አዙሩ።

የእኔ በሦስተኛው ያዘች። ከቫልቭ ክዳኑ ሥር ቲክ ቲክ የሚል ድምፅ ለጥቂት ደቂቃ ሰማሁ። ይህ አያስደነግጣችሁ፣ ቫልቮቹን የሚገፉት ሃይድሮሊኮች በዘይት እስኪሞሉ ነው። የራዲያተሩ ማራገቢያ በራሱ እስኪነሳ ድረስ ጠብቁ፣ ዓይናችሁ ከሙቀት መለኪያው አይነሳ። ሞተሩ እየወጣ እየወረደ የሚዋልል ከሆነ ኮምፒውተሩን ከመጠርጠራችሁ በፊት ሦስት ነገር እዩ፦ የተሰነጠቀ የአየር ማኒኮቶ፣ ከቴስታታው ፊት ያለው ሰማያዊ የሙቀት ሴንሰር፣ የዛገ ማሳ (የኤሌክትሪኩ መሬት ሽቦ ከብረቱ ጋር የሚታሰርበት)። የእኔ ችግር ማሳው ነበር። ሁለት ቡሎን ፈትቼ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩት፤ አለቀ።

እግሮቿ

የፊት ክንዶች ጎሚኒ፣ አሞርዛተሮችና የላይኛው መቀመጫቸው በአንድ ጊዜ ቢቀየሩ ይሻላል። የጎሚኒዎቹን ቡሎን መኪናዋ አየር ላይ ተንጠልጥላ ሳለ አታጥብቁ። መሬት አውርዳችሁ ክብደቷን ካሳረፈች በኋላ አጥብቁ። አለዚያ ላስቲኩ ተጠምዝዞ ይኖርና በዓመቱ ይቀደዳል። የጎማ ቡሎን 110 ኒውተን ሜትር ነው። ጎማው ላይ ያለውን ባለ አራት አኃዝ ቁጥር አንብቡ፤ ሁለቱ ሳምንት፣ ሁለቱ ዓመት ናቸው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ያረጀ ጎማ ዝናብ ላይ አይይዝም።

ቀለም

መኪናዋን ለማስቀባት አትቸኩሉ። የዚያ ዘመን ተራ ቀይ ከላዩ ቀለም አልባ የቫርኒሽ ሽፋን የለውም። ሮዝ የሆነው ላይኛው ቀጭን ንብርብር ብቻ ነው። በደንብ አጥቤ፣ በሸክላ መሳይ ማጽጃ ዳስሼ፣ ኮፋኖው ላይ መዳፍ የምታህል ቦታ በፖሊሽ በእጄ ፈተግኩ። ጨርቁ ቀይ ሆነ። ከሥሩ የወጣው ቀይ ከፋብሪካ የወጣ ቀን የነበረው ነው። ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ አየሁት። የመጀመሪያው ቀለም ያለባት መኪና፣ ጭረት ቢኖርባትም፣ እንደገና ከተቀባችው ትበልጥብኛለች። ጠርዞቹ ላይ ግን ቀስ በሉ፣ ቀለሙ እዚያ ስስ ነው።

ወንበሩን አይጥ የበላው ቦታ ላይ ስፖንጅ አስገብቼ አሰፋሁት። የበሮቹን ውስጥ የውኃ መከላከያ ላስቲክ በአዲስ ማጣበቂያ መለስኩ።

ምርመራና የመጀመሪያዎቹ 500 ኪሎ ሜትር

ጀርመን ያለ ሰው ቱፍ የሚለው ምርመራ በየሁለት ዓመቱ ነው። ፍሬን፣ ዝገት፣ መብራት፣ ጭስ ይታያል። መኪናዋ 30 ዓመት ከሞላትና ከተሠራችበት ሁኔታ ብዙ ካልራቀች በተጨማሪ ምዘና ኤች ታርጋ የሚባለውን የታሪካዊ መኪኖች ታርጋ ታገኛለች። ግብሯ ሞተሩ ምንም ያህል ቢሆን በዓመት 191 ዩሮ ከ73 ሳንቲም ነው፤ የአካባቢ ጥበቃ ቀጠና ባለባቸው ከተሞችም ያለ ተለጣፊ ትገባለች። ለዚህ ስትሉ የድሮውን ቸርኬ፣ መሪና ማርሚታ አትጣሉ።

ታርጋዋን ካገኘች በኋላ ሩቅ አትሂዱ። መጀመሪያ ሰፈር ውስጥ፣ ፍሬን እየሞከራችሁ። 50 ኪሎ ሜትር ላይ የጎማ ቡሎኖቹን እንደገና አጥብቁ። በየማታው ከሥሯ ካርቶን አንጥፉ፤ ጠዋት የተንጠባጠበውን ቀለም እዩ። ቡናማ የሞተር ዘይት ነው፣ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ማቀዝቀዣው ነው፣ ጎማ አጠገብ የወደቀ ጠራ ያለ ፈሳሽ ከሆነ ፍሬን ስለሆነ አትንዷት። 500 ላይ ዘይቱንና ፊልትሮውን እንደገና ቀይሩ፤ የቤንዚን ፊልትሮውንም አብራችሁ። የእኔን ቆርጬ ስከፍተው ታጥቦ ከነበረው ታንክ እንኳ ጥቂት ቀይ ዱቄት ይዞ ነበር። ሁለተኛውን በ1,000 ቀየርኩ፤ እሱ ንጹሕ ወጣ።